መልስ፦ ክረምት ላይ አዲስ አበባ የትኛውን የሥዕል ዐውደ ርእይ ልይ?

ወንድሜ፣ ለክረምት ዕረፍት እንደምትመጣ ጽፈሃል። እኔ ብሆን ጉዞዬን ከትምህርት ዓመቱ ማብቂያ ጋር አገጣጥመው ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው «አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት» ተመራቂዎች ሥራቸውን የሚያሳዩት ያኔ ነው። ሥዕሉ፣ ቅርጻ ቅርጹ፣ ሕትመቱ፣ ሁሉም አለ። አንዳንዱ ገና ጥሬ ነው፤ አንዳንዱ ፊት ግን ደርቀህ ትቀራለህ። ሠዓሊዎቹም ብዙ ጊዜ ከዚያ ስለማይጠፉ «ይሄ ምን ለማለት ነው?» ብለህ ትጠይቃለህ። ቀኑን አስቀድመህ አጣራ። ካመለጠህ ስድስት ኪሎ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ ጎራ በል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ያለው አፍሪካ አዳራሽ መግባት ከቻልክማ የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ሳታይ እንዳትመለስ። ጃንጥላ ያዝ፤ የሐምሌ ዝናብ ቀልድ አያውቅም።