ተያዥ ለሌለው ሰው መሥራት

ጥያቄ፦ ሰባራ ባቡር አካባቢ ያደግኩ ወጣት ነኝ። ዓምና በሶሻል ወርክ ተመርቄያለሁ። ከማረሚያ ቤት የሚወጡ ሰዎች ወደ ኑሯቸው እንዲመለሱ ማገዝ እፈልጋለሁ። ማስታወቂያው ሁሉ ግን የሥራ ልምድ ይጠይቃል። እናቴ ደግሞ «ይሄን ሁሉ ተምረሽ ከወንጀለኛ ጋር ልትውይ ነው?» ትለኛለች። ከየት ልጀምር? እንጀራስ ይሆነኛል? ሲቪዬን አያይዣለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። እንጀራ ይሆናል፤ ግን ቶሎ አያጠግብም። ቅጥሩ በአብዛኛው በፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። ዘርፉ የሳሳበትም ምክንያት አለ። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ነው ያን ያነሳው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰውም ገና ብዙ አይደለም። ይሄ ላንቺ ዕድል ነው።

አሁን ሥራው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ወረቀት ላይ «መልሶ ማቋቋም» ይባላል። መሬት ሲወርድ ግን ግማሹ ተያዥ ፍለጋ ነው።

ማረሚያ ቤት ውስጥ እንጨት ሥራ የተማረ ልጅ አውቃለሁ። እጁ ወርቅ ነው። አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ሞከረውና ወደደው። ከዚያ ጸሐፊዋ ቅጽ ሰጠችው። የተያዥ ሙሉ ስም፣ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የደመወዝ መጠን፣ ማኅተም። ከሥሩ ደግሞ የፖሊስ አሻራ ማስረጃ ይላል። ልጁ ቅጹን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሳይሰናበት ወጣ።

ማን ይያዘው? ወንድሙ የቀን ሠራተኛ ነው፤ የደመወዝ ደብዳቤ ከየት ያመጣል? ከልጅነቱ የሚያውቁት ሰዎች ዶሮ ማነቂያ ነበሩ። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ሁሉም ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተነ፤ እድሩም አብሮ ተበተነ። መሐል አዲስ አበባ ላይ አሁን ትልቁ ችግር ይሄ ይመስለኛል። ሰውየው ፍርዱን ጨርሶ ይመለሳል፣ የሚመለስበት ሰፈር ግን የለም። «የእገሌ ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ» የሚልለት ሰው ጠፍቷል።

አንቺ ግን እዚያው አካባቢ ነው ያደግሽው። የሰፈሩ ሰው የት የት እንደገባ ታውቂያለሽ፣ ባታውቂም ማንን እንደምትጠይቂ ታውቂያለሽ። ከዲግሪሽ እኩል የምቆጥረው ይሄን ነው። የእድሩን ዳኛ፣ የነፍስ አባቱን፣ ወይም ድሮ ያሠራው የነበረውን ጋራዥ ባለቤት ፈልጎ ማግኘት የሚችል ሰው ለዚህ ሥራ ተፈላጊ ነው።

ፍለጋው ደግሞ በሩ ሲከፈት አይጀመርም። የተባበሩት መንግሥታት የታራሚዎች አያያዝ ደንቦች፣ የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት፣ ቁጥር 107 ላይ ታራሚው ከወጣ በኋላ ያለው ሕይወቱ ፍርዱ ከጀመረበት ቀን አንስቶ እንዲታሰብ ይጠይቃሉ። እዚህም ቢሆን ማስላት አያቅትም። አመክሮ በመደበኛው ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛው ሲጠናቀቅ ስለሚመጣ ሰውየው መቼ ሊወጣ እንደሚችል አስቀድሞ ይታወቃል። በዚያ ጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ስንቅ ማን ያመጣልሃል?» ብለሽ ይሁን። ስንቅ የሚገባለት ሰው ቢያንስ የሚሄድበት ቤት አለው። ማንም የማይጠይቀው ነው ያንቺ ሰው።

ዓመታት ታስሮ የቆየ ሰው ሲወጣ መታወቂያው ጊዜው አልፎበታል፣ ሲም ካርዱ ተዘግቷል። ከ2013 በፊት ከገባ ደግሞ ቴሌብር የሚባል ነገር ነክቶ አያውቅም። ወረዳ አብሮት የሚሰለፍ ሰው ካገኘ ጉዳዩ በቶሎ ያልቅለታል። ብቻውን ከሄደ «ነገ ና» ሲባል ተስፋ ቆርጦ ሊቀር ይችላል።

ሕጉንም እወቂው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ጽኑ እስራት የፈጸመ ሰው ከ5 ዓመት በኋላ፣ ቀላል እስራት የፈጸመ ደግሞ ከ2 ዓመት በኋላ፣ በመልካም ጠባይ ከኖረና ካሣውን አቅሙ በፈቀደ መጠን ከከፈለ፣ ጥፋቱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ለዚያ አሻራ ለተጠየቀ ልጅ ይሄ ማለት ምን እንደሆነ አስቢው። ይሄን ሳያውቅ ዕድሜውን ሙሉ ተደብቆ የሚኖር አለ።

ስለ እናትሽ፦ ፍርሃታቸውን አትናቂው፣ ምክንያት አለው። ድንበርሽን ከአሁኑ አበጂና ንገሪያቸው። ሰው ቢሮ ወይም ሰው ያለበት ቦታ ይገኛል እንጂ ቤት አይመጣም። ገንዘብ አታበድሪም። ራስሽም ተያዥ አትሆኚም። ይሄኛው ይከብድሻል፣ አውቃለሁ፤ ግን አንዱን ፈርመሽ ለሌላው እምቢ ስትይ ሥራሽ እዚያው ይበላሻል። ደግሞ የተበዳዩን ቤተሰብ አትርሺ። ሁለቱ አንድ ሰፈር ከሆኑ ሰውየው ከመመለሱ በፊት ሽማግሌ መግባት አለበት። ለእናትሽ ይሄን ንገሪያቸው፤ የምትሠሪው ለተበደለውም እንደሆነ ይገባቸዋል።

መጀመሪያውን እንዲህ አድርጊው። ብቻሽን ማረሚያ ቤት በር ላይ አትቁሚ፤ አያስገቡሽም። ቤተ ክርስቲያንሽ ወይም መስጊድሽ ታራሚ የሚጠይቅ ቡድን ካለው እዚያ ግቢ። ፕሪዝን ፌሎውሺፕ ኢትዮጵያን የመሰሉ በዚህ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ ማስታወቂያ ሳትጠብቂ በበጎ ፈቃድ ለመሥራት ደብዳቤ አስገቢ። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽንን ቅጥርም ተከታተይ። ጎን ለጎን እንጨት ቤቶችን፣ ጋራዦችን፣ ልብስ ስፌቶችን ዙሪ። ያለ ተያዥ በሙከራ የሚያሠራ ማን እንደሆነ፣ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ፣ ስልኩን ጨምረሽ ደብተር ላይ ያዢ።

ሲቪሽን አየሁት። «ከሰው ጋር በቀላሉ እግባባለሁ» የሚለውን አውጪው። በእሱ ቦታ ያደግሽበትን ሰፈር፣ የምታውቂያቸውን እድሮችና ያነጋገርሻቸውን አሠሪዎች ብዛት ጻፊ። ስትጨርሺ መልሰሽ ላኪልኝ፣ ከደብዳቤው ጋር አየዋለሁ።