ሽምግልናው ሳያልቅ ቀኑ አለቀ

ይድረስ ለልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ከጁምዓ በኋላ ጠበቀችኝ። አለቃዋ ሂጃቧን አውልቂ ብሏት ኖሮ፣ «ሽማግሌ ይላክልኝ ወይስ ልክሰስ?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄዋ አንድ ልጅ አስታወሰኝ።

ልጁ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር የሚሠራው። የጠየቀው የምሳ ሰዓቱ ዓርብ ዓርብ ወደ ጁምዓ ሰላት እንዲዛወርለት ነው፤ አርባ አምስት ደቂቃ። ሱፐርቫይዘሩ በቃል «እሺ» አለው፤ በሦስተኛው ዓርብ ግን «ሥራ ጥለህ ሄደሃል» ብሎ አባረረው። አንዲት መስመር የተጻፈ ነገር አልነበረም። ወደ ማኅበራችን ሲመጣ ያደግንበትን አደረግን። ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ፤ አንዱ የኦርቶዶክስ ዲያቆን ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ በአክብሮት ተቀብሎ ቡና ጋበዘ፤ «አየዋለሁ» አለ። ወር አለፈ፤ ተመልሰን ሄድን። ልጁ በየሳምንቱ «ምን አሉ?» ይላል፤ እኛም «ታገስ፣ አላህ ከታጋሾች ጋር ነው» እንለዋለን።

በመጨረሻ አንዲት ጠበቃ መጣች። የሰላት ሰዓት የታተመበትን የመስጊዱን ቀን መቁጠሪያ ከግድግዳ አውርዳ፣ ገጽ እየገለበጠች በእርሳስ ቆጠረች። 322 ቀን። ከተባረረ በኋላ አቤቱታ ለማስገባት የሚፈቀደው 300 ነበር። ልጁ ቀና ብሎ «እነሱ እኮ ለፍተውልኛል» አላት። ይህ ቃሉ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ትዕግሥትን ያስተማርነው ቀኑ እየነጎደበት ነው።

የሥራ ቦታ አድልዎ አቤቱታ ለአሜሪካ ፌዴራል የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው። አድልዎን የሚከለክል ሕግ የሚያስፈጽም የስቴት ወይም የከተማ መሥሪያ ቤት ካለ 300 ይሆናል። ቅዳሜ፣ እሑድና በዓልም ይቆጠራል። የውስጥ ቅሬታም ሆነ ሽምግልና ቆጠራውን አያቆመውም፤ እኛን የጣለን ይኸው ነው። ኮሚሽኑ የመክሰስ መብት ደብዳቤ ከሰጠ በኋላ ደግሞ ለፍርድ ቤት ያለው 90 ቀን ብቻ ነው። ይህን አድልዎ የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚይዘው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ የስቴቱን ሕግ ጠይቁ።

ሽምግልናን ተዉ ማለቴ አይደለም። አቤቱታው ይግባ፣ ሽማግሌውም ይሂድ። ኮሚሽኑ ራሱ በነፃ የሚያስማማበት አሠራር አለው፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አሠሪ ቡና ጋብዞ አይሸኝም።

የዛሬ ልጆች የሚያሳስበኝ ነገራችሁ፣ ስትበደሉ መጀመሪያ ቪዲዮ መልቀቃችሁ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የግል ንግግርን ያለ ሁሉም ተነጋጋሪ ፈቃድ መቅዳት ራሱ ወንጀል ነው። ይልቅ ጥያቄያችሁን በኢሜይል ላኩ፦ ይህ የሃይማኖቴ ግዴታ ነው፣ የምፈልገው ይህን ያህል ደቂቃ ነው፣ የጎደለውን በዚህ ሰዓት አካክሳለሁ። ቅጂውን በግል ኢሜይላችሁ አስቀምጡ፤ ከሥራ በወጣችሁ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ይዘጋል። ደብዳቤውን ማርቀቅ ከከበዳችሁ እ.ኤ.አ. በ1994 እንደተመሠረተው ኬር ያሉ የሙስሊም ሲቪል መብት ድርጅቶች አሉ።

ደግሞ ይህን የሙስሊም ጉዳይ ብቻ አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጄራልድ ግሮፍ በተባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ሲወስን፣ አሠሪ የሃይማኖት ጥያቄን ለመከልከል ለሥራው ከባድ ወጪ እንደሚሆንበት ማሳየት አለበት አለ። ከዚያ በፊት ትንሽ መቸገር ይበቃ ነበር። ግሮፍ ክርስቲያን ነው፤ እሑድ አልሠራም ብሎ ነው የተሟገተው። የእሱ እሑድ ለእኛ ዓርብ በር ከፈተ። አዳራሽ ተከራይቶ ስለ ነጃሺ ከመናገር ይልቅ ይህንን አብሮ መሥራት ያቀራርባል ብዬ አምናለሁ፤ ነጃሺን ሁሉም ያውቀዋል።

አንቺ ልጄ፣ አለቃሽ የተናገረውን ቃል በቃል፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ አጠገብሽ ማን እንደነበረም ጨምረሽ ዛሬ ማታ ጻፊ። ነገ በኢሜይል መልስሽን ላኪ። ሽማግሌ እኛ እንልካለን፤ አቤቱታሽን ግን እኛን ሳትጠብቂ አስገቢ።

እኒያ ዲያቆን አሁንም ይመጣሉ። ታኅሣሥ ሲገባ ገና በዓልን እረፍት የተከለከሉ ልጆችን ይዘው እኛ ቢሮ ይቀመጣሉ። ደብዳቤው ያው የእኛው ነው፤ «ዓርብ» የሚለው ተሰርዞ «ጃንዋሪ 7» ይጻፍበታል።