ከመስታወቱ ምርመራ ያመለጠችው የታመመች ፍየል

ጥያቄ፦ ከዋግ ኽምራ የጻፉልን አርሶ አደር አንዲት ፍየል ከገበያ ገዝተው ካስገቡ በኋላ ሁለት ፍየሎች እያሳሉ ሞተውባቸዋል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው የቀሪዎቹን ደም ጠብታ ወተት ከመሰለ ፈሳሽ ጋር መስታወት ላይ ሲያዋህደው የአንዲት ጤነኛ ፍየል ደም ፈሳሹን በጣጠሰው፤ በጠና የታመመችው ደም ግን ለውጥ አላሳየም። ምርመራው ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ ላይሳሳት ይችላል። ወተት መሰሉ ፈሳሽ የያዘው ደቃቅ የላቴክስ (ፕላስቲክ መሰል) ቅንጣቶችን ሲሆን፣ ገጻቸው የተላላፊ ፍየል ሳንባ ምች አምጪ ከሆነው ማይኮፕላዝማ ከተባለው ጀርም በተገኘ ንጥረ ነገር የተለበጠ ነው። ጀርሙን ታግሎ የሚያውቅ ደም ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላት እነዚህን ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚያያይዟቸው፣ ፈሳሹ እሳት ላይ እንደተበጣጠሰ ወተት ይሆናል። ምርመራው የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን የሰውነትን ምላሽ ስለሆነ፣ ገና በቅርቡ የተያዘች ፍየል ታምማም ታመልጠዋለች፤ ያገገመች ደግሞ ጤነኛ ሆና ትገኝበታለች።

ጀርሙን ራሱን ለማወቅ ዲኤንኤውን መፈለግ ያሻል፤ ማይኮፕላዝማውን አብቅሎ መለየት ሳምንታት ሊወስድ ይችላልና። በቤተ ሙከራ በሲሊካ (የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) የተለበጡ ማግኔት የሚስባቸው ቅንጣቶች ናሙናው ውስጥ ሲጨመሩ፣ ተስማሚ ጨው ባለበት ዲኤንኤው ገጻቸው ላይ ይለጠፋል። ማግኔት ከቱቦው ጎን ሲጠጋ ቡናማ ነጥብ ሆነው ግድግዳው ላይ ይሰበሰባሉ (ይህን ባየሁ ቁጥር ይደንቀኛል)፤ ቆሻሻው ታጥቦ ከወጣ በኋላ ዲኤንኤው በንጹሕ ውሃ ይለቀቅና ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳየው ዘዴ፣ በፒሲአር፣ ይመረመራል።

ስለዚህ ሌላ ፍየል ብትሞት ቀብረው ዝም አይበሉ፤ ባለሙያውን ይጥሩ። በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው አንዱ ወገን ሳንባ ሲሆን፣ ደረቷ ውስጥ ቢጫማ ፈሳሽ ይገኛል። ፈሳሹ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ተንጠባጥቦ ከደረቀ ያለ በረዶ ተጉዞ ለዲኤንኤ ምርመራ ይበቃል።

እስከዚያው የሚያስሉትን ይለዩ፣ ከመንጋው አንዲትም ፍየል ወደ ገበያ አያውጡ። ማይኮፕላዝማ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፤ ባለሙያው ታይሎሲን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን በጊዜ ቢጀምርላቸው ይሻላል። ጤነኞቹን ለማስከተብ ካሰቡ የመስታወቱ ምርመራ ቀድሞ ይጠናቀቅ፤ ከክትባት በኋላ የሚታየው መበጣጠስ ከክትባቱ ይሁን ከበሽታው ለመለየት ሊያስቸግር ይችላል።