በአንድ ጉበት ሁለት ዓይነት ዕጢ

ጥያቄ፦ አባቴ ለረጅም ጊዜ የሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኛ ናቸው። በቅርቡ በሲቲ ስካን ጉበታቸው ላይ ሁለት ዕጢዎች ታዩ፤ ከአንደኛው በተወሰደው ናሙናም የጉበት ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። ሐኪማቸው ግን «ሁለተኛው ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል» በማለት ሁለት የተለያዩ ፔት ስካኖችን አዘዙላቸው። ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ጉበት ላይ ከአንድ በላይ ዕጢ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አልፎ አልፎ ግን የጉበት ካንሰር ከሐሞት ቧንቧ ካንሰር ጋር፣ ወይም ከአንጀት አሊያም ከጨጓራ በስተጀርባ ካለው ከቆሽት ተነሥቶ ከተዛመተ ኒውሮኢንዶክሪን ዕጢ (ሆርሞን ከሚያመነጩ ሕዋሳት ከሚነሣ ዕጢ) ጋር ጎን ለጎን ይገኛል። ናሙና የሚመሰክረው መርፌው ስለነካው ቦታ ብቻ በመሆኑ የሐኪሙ ጥርጣሬ ተገቢ ነው።

በተለመደው ፔት ስካን ፍሎሪን-18 የተባለ ጨረር አመንጪ የተያያዘበት ስኳር በደም ሥር ይሰጥና ስኳር በብዛት የሚወስዱ ሕዋሳት ደምቀው ይታያሉ። ጉበት ላይ ግን ይህ ዘዴ አንዳንዴ ያታልላል፤ ምክንያቱም በዝግታ የሚያድገው የጉበት ካንሰር፣ እንደ ጤነኛው የጉበት ሕዋስ ሁሉ፣ የያዘውን ስኳር መልሶ የሚያስለቅቅ ኢንዛይም ስላለው ከአካባቢው ሳይለይ ሊቀር ይችላል። «ፔት ስካኑ ምንም አላሳየም» መባሉ ብቻውን የማያስደስተን ለዚህ ነው። በሁለተኛው ምርመራ የሚሰጠው ጋሊየም-68 ዶታቴት የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ደግሞ እንደ ስኳሩ አይሠራም፤ በአብዛኞቹ ኒውሮኢንዶክሪን ዕጢዎች ላይ በብዛት የሚገኙትን፣ ሶማቶስታቲን የተባለውን ሆርሞን የሚቀበሉ ተቀባዮች ፈልጎ ይጣበቅባቸዋል።

አንደኛው ዕጢ በዶታቴት ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ፣ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መኖራቸው በብርቱ ይጠረጠራል። ይሁንና ምስል ፍርድ አይሰጥም፤ ስኳሩን እብጠትና መግል የቋጠረ ቁስልም ይወስዱታል፣ ጠበኛ የሆኑ ኒውሮኢንዶክሪን ዕጢዎችም ተቀባዮቹን ሊያጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከሁለተኛው ዕጢም ለብቻው ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል፤ የምስሉ ትልቁ ጥቅምም መርፌው የት መግባት እንዳለበት ማመልከቱ ነው። ልፋቱ ከንቱ አይደለም፤ የጉበት ካንሰር ብቻ ቢሆን ቀዶ ሕክምና ወይም ንቅለ ተከላ ሊታሰብ ይችላል፣ ሁለተኛው ከሌላ አካል የመጣ ከሆነ ግን መነሻውን መፈለግና ዕቅዱን እንደገና ማየት ግድ ይላል።

ለስኳሩ ምርመራ ቢያንስ ለ4 ሰዓት መጾም ስለሚጠየቅ አባትዎ የስኳር በሽታ ካለባቸው፣ እንዲሁም በእነዚያው የሶማቶስታቲን ተቀባዮች ላይ የሚሠራውን ኦክትሪዮታይድ የሚባለውን መርፌ የሚወስዱ ከሆነ፣ ለምርመራ ክፍሉ አስቀድመው ይንገሩ።