ቡድን መሪነቱን ልወዳደር ወይ ላለችው እህት

ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። እንጀራ ምጣድ ላይ ስለነበርኩ ወዲያው አልመለስኩልሽም። ላላነበባችሁት፦ ጠያቂዋ እዚሁ ጎንደር በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ናት። አምስት ዓመት ሠርታለች። የቡድን መሪ ቦታ ማስታወቂያ ወጥቷል። ልጇ ገና ዓመት ከሦስት ወሯ ነው። የቢሮ ወንዶች «አንቺማ ለሴት ተብሎ ይሰጥሻል» እያሉ ያሾፉባታል። ልወዳደር ወይስ ልጄ ጠና እስክትል ልቆይ ነው የምትለው።

ተወዳደሪ። የቀረውን ከራሴ ልንገርሽ።

እኔ በ2007 አንድ የጤና መሥሪያ ቤት ስገባ ሥራዬ ከወረዳ በወረቀት የሚመጣ ሪፖርት ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ነበር። የጤና ሪፖርት ወር በ20 ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ባሌም ልጆቼም ያውቋቸዋል። በኋላ ዲኤችአይኤስ ቱ የሚባለው፣ የጤና ሪፖርት በኮምፒውተር የሚሰበሰብበት ሲስተም መጣ። እኔም ከገልባጭነት ወደ ባለሙያነት ከፍ አልኩ። ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ቢሮ ውስጥ ግን «ፕሪንተሩ ወረቀት ያዘ፣ ነይማ» የምባለው ያው እኔ ነበርኩ።

አንቺም እዚያው ያለሽ ይመስለኛል። ቶነር መቀየር ነውር የለውም። ግን ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትሮጪ ውለሽ፣ ስድስት ወር ሲሞላ ምዘናው ላይ የሚጻፍልሽ «ተባባሪ ናት» የሚል ነው። ተባባሪ ናት ተብላ ቡድን መሪ የሆነች ሴት እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ደብተር ያዢ። ምን ተበላሸ፣ በስንት ቀን ተሠራ፣ ውጭ ቢወጣ ስንት ብር ያስከፍል ነበር። ሁለት ወር ከጻፍሽ በኋላ በአንድ ገጽ አድርገሽ ለኃላፊው ስጪ። ያኔ ጠጋኝ መሆንሽ ይቀርና ስለ ዕቅድና ስለ በጀት የምታወሪ ሰው ትሆኛለሽ።

ሌላው ቃለ ጉባኤ ነው። «ጽሑፍሽ ያምራል» እየተባልኩ ሦስት ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ወንዶቹ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። በጣም ያናድደኝ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ ግን ከዚያ ክፍል ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን ሆድ ዕቃ ያወቅሁት እኔ ሆኛለሁ። የየትኛው ፕሮጀክት ብር ወዴት እንደተዛወረ፣ ማን ተቃውሞ ማን ዝም እንዳለ። ሌላም ገባኝ። ብዙው ጉዳይ ስብሰባው ላይ አይወሰንም። ማታ ቢራ ላይ ተቦክቶ ተጋግሮ፣ ጠዋት ለእኛ በሰፌድ ይቀርባል። እኔ በ11 ሰዓት ልጅ ልቀበል እሮጣለሁ፣ እነሱ ፒያሳ ይቀመጣሉ። ቢራው ላይ ልድረስ አላልኩም። ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ቢሮው ሳይሞላ፣ ኃላፊው ጋ አንድ ገጽ ይዤ መግባት ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት ይበቃል። አሁንም የምሠራው እንደዚያ ነው።

አንድ ጊዜ የአንድ ጤና ጣቢያ የኩፍኝ ክትባት ቁጥር በአካባቢው አሉ ከተባሉት ሕፃናት በላይ ሆኖ መጣ። ሁሉም «ጎበዞች ናቸው» ብሎ አለፈው። እኔ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ደውዬ የታሊ ወረቀቱን፣ የተከተቡት አንድ በአንድ የሚቆጠሩበትን፣ በስልክ አስነበብኳት። የአንድ ጤና ኬላ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተደምሯል። አስተካከልኩት። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሲሄድ ግን ከታች «አዘጋጅ» የሚለው መስመር ላይ የተጻፈው የያኔው ቡድን መሪዬ ስም ነበር። ምስጋናውም በስሙ መጣ። ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፣ አልደብቅሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራሁትን ሁሉ፣ «አዘጋጅ» ላይ ስሜን ሳልጽፍ ከእጄ አላወጣም። አንዳንዱ «ምን ያስቸኩላታል» ብሏል። ይበል።

«ለሴት ተብሎ» ለሚሉሽ ብዙ አትድከሚ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ሴቶች ባለፈው በደል ምክንያት የድጋፍ እርምጃ እንደሚገባቸው ጽፏል፣ ከ1987 ጀምሮ። እኔ በሥራ ያየሁት ድጋፍ ውጤት ሲቀራረብ ለሴት ቅድሚያ መስጠት ነው። የወደቀች አያሳልፍም። ደግሞስ እነሱ ቢራ ላይ የሚያገኙት ነጥብ ስሙ ምንድን ነው? «ጎንደር ላይ ሴት መቼ ገዝታ» የሚልሽ ካለም የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ያለበትን የቁስቋምን ዳገት አሳዪው። ልጇ ኢያሱ ሕፃን ሳለ ዘውድ ጭና አገር አስተዳድራለች።

በጥቅምት 2011 ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሲሆኑ ቢሮ ውስጥ አጨብጭበናል። ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ በኅዳር ደግሞ ብርቱካን ሚደቅሳ ምርጫ ቦርድ። ኢትዮ ቴሌኮምንም ከ2010 ጀምሮ የምትመራው ፍሬሕይወት ታምሩ ናት። በእኛ ኮሪደር ግን ያኔ ስድስት ቡድን መሪ ነበር፣ ስድስቱም ወንድ። የላይኛው ሹመት በቴሌቪዥን ይነገራል። የእኛው የሚለጠፈው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው፣ ሴት ካልተመዘገበች ማንም አይፈልጋትም። ደግሞ መዓዛን ሰው ፕሬዚዳንት ስትሆን አወቃት እንጂ፣ የሴት ሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ የሆነችው ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀድማ ነው።

እኔ ቦታውን ያገኘሁት በ2016 ነው። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሪፖርት በፍላሽና በወረቀት፣ በመንገደኛ ኪስ መምጣት ጀመረ። ግማሹ ይጠፋል። ቡድን መሪው በሌለበት ሰሞን የትኛው ወረዳ እንደላከ፣ ማን እንዳመጣው፣ መቼ እንደገባ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በቃ፣ ይኼው ነው። ኃላፊው እየመጣ ሠንጠረዡን ማየት ለመደ፣ ቀጥሎ እኔን መጠየቅ ለመደ፣ ከዚያ ተወካይ ሆኜ በደብዳቤ ተመደብኩ። በደብዳቤ የሚለውን አስምሪበት። በቃል «አንቺ ያዢው» ሲሉሽ ሥራውን ያዢ፣ ግን ደብዳቤውን ጠይቂ። የሥራ ልምድ ሆኖ የሚቆጠረው እሱ ነው።

ስለ ልጅሽ። የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን ነው፣ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 በኋላ። ከዚያ ወዲያ ያለው የራስሽ ጣጣ ነው። የእኛ ሕፃናት ማቆያ ክፍል የተሰበረ ወንበር መጋዘን ነበር። ቡድን መሪ ስሆን መጀመሪያ የሠራሁት ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ያላቸውን ሠራተኞች ቆጥሬ፣ ለልጅ ብለው በቀን ለስንት ሰዓት ያህል ከሥራ እንደሚወጡ ደምሬ ማቅረብ ነው። በሳምንቱ ወንበሮቹ ወጡ። ሌላው ሁሉ እንደዚህ ቀሎልኝ እንዳይመስልሽ። የመጀመሪያው ዓመት ቤቴ ተንገዳግዷል። አማቴ «ሹም ሆነሽ ልጁን ማን ያብላው» ብላ ከአዘዞ ድረስ መጥታ ተቆጥታኛለች። ከባልሽ ጋር አሁን፣ ከውድድሩ በፊት፣ ማን መቼ ልጅ እንደሚቀበል ተነጋገሪ። ካለፍሽ በኋላ ከሆነ ጠብ ይሆናል።

ሥልጠና ካስፈለገሽ የ5 ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው የኦንላይን ኮርስ ነፃ ነው፣ ሰርተፊኬትም ይሰጣል። ዳታ ሳይንሱን ልጄ ከተኛ በኋላ ጨርሼዋለሁ።

መጨረሻ ያልነገርኩሽ፣ በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ ስወዳደር በ2 ነጥብ ወድቄያለሁ። ለምን ብዬ ፋይሌን ሳስወጣ ሁለት የሥልጠና ሰርተፊኬቶቼ ውስጡ የሉም። ሰጥቻለሁ፣ ግን ማስረጃ አልያዝኩም፣ ቅሬታዬም ውድቅ ሆነ። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሰው ሀብት ሄደሽ የግል ፋይልሽን አስወጪና ገጽ በገጽ ቁጠሪ። የጎደለውን ኮፒ አያይዢ። ማስታወቂያው አርብ ነው የሚዘጋው ብለሻል፤ ማመልከቻሽን ሐሙስ ከሰዓት በፊት አስገቢ፣ አርብ መዝገብ ቤት ሰው ላይኖር ይችላል። ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ኮፒው ላይ ሳታስጽፊ እንዳትወጪ።