ለአባቴ ጠንካራውን ብሬስ ልግዛ?

ጥያቄ፦ አባቴን ስትሮክ መቷቸው ነበር። አሁን በከዘራ መራመድ ጀምረዋል፣ ግን የግራ እግራቸው ጣት መሬት ይጎተታል፣ ምንጣፍ ላይ ይደናቀፋሉ። ኢንተርኔት ላይ ብሬስ (እግርና ቁርጭምጭሚት ደግፎ የሚይዝ መሣሪያ) ስፈልግ ባለ ላስቲክ፣ ፕላስቲክ፣ ካርበን ፋይበር፣ ብዙ ዓይነት አየሁ። ወንድሜ «በጣም ጠንካራውን ገዝተን እንገላገል» ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማራቸው። ግዢውን ግን ትንሽ አቆዩት። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት እግራቸው የሚያስቸግራቸው መቼ እንደሆነ ነው። ከመሬት ተነስቶ ወደ ፊት ሲሄድ ነው ወይስ ረግጠው ክብደታቸው ሲያርፍበት? የሁለቱ ድጋፍ ለየቅል ነው።

ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጥቂት ይራመዱ። አንድ ሰው አጠገባቸው ይሁን፣ አንቺ ከፊትና ከጎን በስልክ ቅረጪ፤ ቪዲዮው ለባለሙያውም ይጠቅማል። እግሩ ሲነሳ ጣቱ ወደ ታች ከተንጠለጠለ፣ ሲረግጡ ግን ቁርጭምጭሚታቸው ካልተጣመመና ጉልበታቸው ካልከዳ፣ ከባት ጀርባ ወርዶ ውስጥ እግር ስር የሚገባው ቀጭን ፕላስቲክ ወይም ካርበን ፋይበር ሊበቃቸው ይችላል። እግር ሲነሳ ጣቱን ቀና አድርጎ ይይዛል፣ ሲረገጥ ደግሞ እጥፍ ይላል።

ስትሮክ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጡንቻው ይገተራል፣ እግሩ ወደ ውስጥ ይዞርና በውጭ ጠርዙ ይረገጣል። ይሄን ቀጭኑ አይችለውም። ቁርጭምጭሚቱን ከሁለቱም ጎን አቅፎ የሚይዝ ድፍን ፕላስቲክ ይፈልጋል፣ እዚህ ላይ ወንድምሽ ልክ ነው። ችግሩ፣ ቁርጭምጭሚት ጭራሽ ካልታጠፈ ከወንበር መነሳትና ደረጃ መውረድ ይከብዳል፤ ተረከዝ መሬት ሲነካም ድፍኑ ጉልበትን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ የጭን ጡንቻቸው ደካማ ከሆነ ጉልበታቸው ሊከዳ ይችላል። ማጠፊያ ያለውም አለ። ጣት እንዳይወርድ ይከለክላል፣ ቅልጥም ወደ ፊት እንዲያዘነብል ግን ይፈቅዳል። ለጠንካራ ጉልበት ጥሩ ነው፣ ሲቆሙ ጉልበታቸው እጥፍ ለሚልባቸው ሰዎች ግን ያባብሳል። ስለዚህ ከጠንካራነቱ በላይ የሚያስፈልገውን ብቻ መከልከሉ ነው ቁም ነገሩ፣ ይሄን ደግሞ በእጁ ነክቶ የሚወስነው ኦርቶቲስት (የብሬስ ባለሙያ) ወይም ፊዚዮቴራፒስት ነው። ባለ ላስቲኩ ለቀላል ችግር ይሆን እንደሆነ እንጂ የተገተረ እግር አይመልስም።

ጫማውን ሰው ይረሳዋል! አፉ ሰፋ ብሎ የሚከፈት፣ የውስጥ ሶሉ የሚወጣ ይሁን። መሣሪያው የሚስተካከለው በአንድ ጫማ የተረከዝ ከፍታ ነው። ከፍ ያለ ተረከዝ ሲያደርጉ ቅልጥም ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ዝቅ ያለ ሲሆን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያ «ብሬሱ አልተስማማኝም» ይባላል። ለልኬትም ለሙከራም የሚያዘወትሩትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ።

የመጀመሪያ ቀናት አንድ ሰዓት ያህል ያድርጉትና ያውልቁ፣ በየቀኑ እየጨመሩ ይሂዱ። ከብሬሱ ስር ረዘም ያለ፣ ስፌቱ የማይቆረቁር ካልሲ ይሁን። ሲወልቅ ቆዳውን እይ፤ ተረከዝ፣ የቁርጭምጭሚት አጥንት፣ የትንሿ ጣት ስር። መቅላቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ መሣሪያው መስተካከል አለበት፣ ጥጥ እየወተፉ መቀጠል ቁስል ያመጣል። ስትሮክ ስሜት ሊያደነዝዝ ስለሚችል «አላመመኝም» ቢሉሽም እይው።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ጠፍጣፋ እግር አለው። ሁሉም «ሶል አድርጊለት» ይሉኛል፣ ጫማ ውስጥ ገብቶ ውስጥ እግርን የሚደግፈውን ማለታቸው ነው። ላድርግለት?

መልስ፦ በጣቶቹ ጫፍ ይቁምልሽ። ያን ጊዜ ውስጥ እግሩ ጎድጎድ ካለ፣ ካላመመው፣ እንደ እኩዮቹ ከሮጠ፣ ሶል አያስፈልገውም። በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፣ አብዛኞቹ ሲያድጉ ይስተካከላል፤ ሶሉ ያለውን ሕመም ያስታግስ ይሆናል እንጂ እግሩን አይቀርጸውም። በጣቱ ቆሞም ጠፍጣፋ ከሆነ፣ እግሩ ደረቅ ብሎ አልታጠፍ ካለ፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ወይም እየታከተው «እቀፉኝ» ማለት ካበዛ ግን ሐኪም ይየው።