የፈነዳውን «አልፈነዳም» ብዬ ብመዘግብ ተጠያቂ ነኝን?

ጥያቄ፦ በሆስፒታል መዝገብ ክፍል ምርመራዎችን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ መለያ ቁጥር እመድባለሁ። ለሆድ አኦርታ አኑሪዝም (በሆድ ውስጥ የሚያልፈው ዋናው የደም ቧንቧ ተለጥጦ ማበጥ) ቀዶ ሕክምና ተራ ይጠብቁ የነበሩ ታካሚ በድንገት መጥተው በቀዶ ሕክምና ላይ ሳሉ ሕይወታቸው አልፏል። የሐኪሙ ማስታወሻ ቧንቧው መፈንዳቱን፣ ደሙም ከሆድ ዕቃ ጀርባ ታግዶ መቆየቱን ይገልጻል። ኃላፊዬ ግን «ወደ ሆድ ውስጥ ስላልፈሰሰ አልፈነዳም ብለህ መድብ» ብለውኛል።

መልስ፦ በዓለም አቀፉ ምደባ አሥረኛ እትም የፈነዳው የሆድ አኦርታ አኑሪዝም አይ71.3፣ መፈንዳቱ ያልተጠቀሰው ደግሞ አይ71.4 ነው። ከቧንቧው ግድግዳ ውጭ የወጣ ደም በዙሪያው ባለው አካል ለጊዜው ቢታገድና የደም ግፊቱም ባይወርድ እንኳ ሐኪሞች ይህን የፈነዳ ይሉታልና፣ የኃላፊዎ ምክንያት በሕክምናም ሆነ በምደባ ረገድ አያስኬድም። ሕመም ኖሮት ያልፈነዳ አኑሪዝም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማስታወሻው አሻሚ ቢሆን ኖሮም የመወሰኑ ሥልጣን የሐኪሙ እንጂ የእርስዎም የኃላፊዎም ባልሆነ ነበር።

የሕክምና መዝገብ በካሳ ክርክር ላይ ዋና ማስረጃ በመሆኑ፣ በተለይም ታካሚው ተራ ሲጠብቁ መዘግየት ነበር የሚል ጥያቄ ሊነሣ በሚችልበት በዚህ ጉዳይ፣ እውነቱን እያወቁ ሌላ መመዝገብ በብዙ አገሮች ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ከማዘጋጀት ሊቆጠር ይችላል። ሕገ ወጥነቱ ግልጽ የሆነ የበላይ ትእዛዝም በአብዛኛው ፈጻሚውን ነፃ አያወጣም። (ደግሞም ሞቱን ባልፈነዳው ዓምድ ማስገባት፣ የሞት መጠኑ እጅግ አነስተኛ የሆነውን የታቀደ ቀዶ ሕክምና ውጤት ያበላሻል፤ ኃላፊዎ ይህን ያሰቡበት አይመስለኝም።)

ስለዚህ ለቀዶ ሐኪሙ «መፈንዳቱን ያረጋግጡልኝ» የሚል ቀን ያለበት የጽሑፍ ጥያቄ ያቅርቡ፤ ኃላፊዎም ትእዛዛቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡ በአክብሮት ይጠይቁ። ቀድሞ የገባ ስሕተት ካለ በስርዝ ድልዝ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው ሳይጠፋ፣ ቀንና ፊርማ ባለው ማረሚያ ይስተካከላል። በሞት ምስክር ወረቀቱም ላይ «ልብ መቆም» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ይህ የአሟሟት ሁኔታ እንጂ መነሻ ምክንያት ስላልሆነ፣ የፈረመው ሐኪም እንዲያርመው ያሳውቁ። የጻፉትን ጥያቄ ቅጂ ያስቀምጡ፤ የታካሚውን ፋይል ግን ቅጂውንም ቢሆን ወደ ቤት አይውሰዱ፤ ምስጢር በማውጣት ራስዎ ሊከሰሱ ይችላሉ።